ከመንጋው ዳር

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ከመስኮቴ ፊት ለፊት ባለው ሰማይ ላይ ወፎች ይሰበሰባሉ። መጀመሪያ አሥርም ሃያም ሆነው ይመጣሉ፤ ከዚያ ሌሎች ይጨመሩባቸዋል፤ ጥቂት ቆይቶ ለመቁጠር የሚያታክቱ ይሆናሉ። ይህን ትዕይንት ለብዙ ዓመታት የተመለከትኩት አንድ ትልቅ አካል እንደማይ ሆኜ ነበር። ሲታጠፍ አንድ ላይ ይታጠፋል፣ ሲጠቁር አንድ ላይ ይጠቁራል፣ ሲሳሳ አንድ ላይ ይሳሳል። ዓይኔ ሁልጊዜ የሚያርፈው ጥቅጥቅ ብሎ በሚታየኝ መካከሉ ላይ ነበር። አንድ ቀን ግን ጭልፊት መጣ። መንጋው በቅጽበት ጠበበ፤ እንደሚጨመቅ ጨርቅም ተጠማዘዘ። ጭልፊቱ መካከሉን ትቶ ከዳር ወደ ኋላ በቀረች አንዲት ወፍ ላይ ወረደ፤ ግን ሳታት። ወፏ መንጋው ውስጥ ገብታ ጠፋች፤ እርሷ በነበረችበትም ሌላ ወፍ ዳር ላይ ቀረች።

ከዚያ ምሽት ወዲህ የምመለከተው ዳሩን ነው። እንስሳት ለምን አብረው ይጓዛሉ ለሚለው ጥያቄ መልስ የምንሰጠው አብዛኛውን ጊዜ መካከሉን እያየን፣ ስለ አንድነትና ስለ መተሳሰብ እያሰብን ይመስለኛል። እኔም እንዲሁ አስብ ነበር። ስለ ጉዳዩ ባነበብኩ ቁጥር ግን መልሱን ማግኘት የሚቻለው ዳር ላይ ያለው እንስሳ ምን እንደሚያጣና ምን እንደሚያገኝ በመጠየቅ ነው ወደሚል እምነት እየተጠጋሁ መጥቻለሁ። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሳይንስም ቢሆን ለረጅም ጊዜ በመካከሉ ግርማ ተማርኮ ኖሯል። ወፎችን በመመልከት ዕድሜውን ያሳለፈው እንግሊዛዊው ኤድመንድ ሲሉስ፣ በሺህ የሚቆጠሩ ወፎች ያለ መሪና ያለ ምልክት በአንድ ቅጽበት የሚታጠፉት ሐሳብ ከአንዱ ወፍ ወደ ሌላው በቀጥታ ስለሚተላለፍ ሳይሆን እንደማይቀር በ1931 ጽፎ ነበር። ይህን አባባል ዛሬ ማጣጣል ቀላል ነው። እኔ ግን አከብረዋለሁ፤ ሰውየው ያየውን በትክክል አይቷል፤ የጎደለው ያየውን የሚያስረዳበት መሣሪያ ነው። ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ በ1962፣ ዊን-ኤድዋርድስ የተባለው የሥነ እንስሳት ምሁር ሌላ መልስ ይዞ ቀረበ። እንደ እርሱ አስተያየት በምሽት የሚሰበሰበው የወፍ መንጋ የሕዝብ ቆጠራ ዓይነት ነው፤ ወፎቹ ብዛታቸውን ያያሉ፣ ምግቡም ለሁሉም እንዲበቃ ለመንጋው ሲሉ መዋለዳቸውን ይገታሉ። መልሱ ልብ ይነካል፤ ነገር ግን ቀዳዳ አለው። ለመንጋው ብላ ሁለት እንቁላል ብቻ የምትጥል ወፍና እንደ አቅሟ አራት የምትጥል ወፍ ጎን ለጎን ቢኖሩ፣ ከጥቂት ትውልድ በኋላ ሰማዩን የሚሞሉት የማን ዘሮች ናቸው? አሜሪካዊው የሥነ ሕይወት ምሁር ጆርጅ ዊልያምስ በ1966 ይህን ጥያቄ አጥብቆ አነሣ። የተፈጥሮ ምርጫ አስቀድሞ የሚመዝነው መንጋን ሳይሆን እያንዳንዱን ፍጡር ነው። ስለዚህ አብሮ መጓዝ የተስፋፋው አብሮ የተጓዘው እንስሳ ብቻውን ከተጓዘው ይልቅ ብዙ ልጆች ስለተወ መሆን አለበት።

ይህን ሐሳብ እስከ ጥጉ የወሰደው የሥነ ሕይወት ምሁሩ ዊልያም ሃሚልተን ነው። በ1971 ባወጣው ጽሑፍ አንድ ክብ ኩሬ በዓይነ ሕሊናችን እንድንስል ጠየቀን። በኩሬው ጠርዝ ዙሪያውን እንቁራሪቶች ተቀምጠዋል። ከውሃው ውስጥ አንድ እባብ ይወጣና በቅርብ ያገኛትን አንዷን ይበላል፤ በየት በኩል ብቅ እንደሚል ግን ማንም አስቀድሞ አያውቅም። እንግዲህ የእያንዳንዷ እንቁራሪት አደጋ የሚለካው በግራዋና በቀኟ ባለው ባዶ ቦታ ነው፤ እባቡ በዚያ ባዶ ቦታ ለእርሷ በሚቀርበው በኩል ከወጣ ዕጣው የእርሷ ይሆናል። ስለዚህ ተነሥታ፣ ተቀራርበው በተቀመጡ ሁለት ሌሎች መካከል ዘልላ ትገባለች። ሌሎቹም እንደዚያው ያደርጋሉ። የራሷን ክፍተት ያጠበበች ሁሉ ትታው የሄደችውን ጎረቤቷን ክፍተት ስለምታሰፋ፣ ያቺም ጎረቤት በተራዋ ለመዝለል ትገደዳለች። ከጥቂት ዙር በኋላ በጠርዙ ሁሉ ተበታትነው የነበሩት እንቁራሪቶች በሁለት በሦስት ቦታ ተከማችተው ይገኛሉ። መንጋ ተፈጠረ ማለት ነው፤ አንዲቷም ግን መንጋ ልመሥርት ብላ አልተነሣችም።

ይህን መጀመሪያ ሳነብ ቅር ብሎኝ እንደነበር አልደብቅም። በመስኮቴ የማየው ያ ሁሉ ውበት እያንዳንዱ ወፍ ሌላውን በአደጋና በራሱ መካከል ለማስገባት የሚያደርገው ግፊያ ነው ብሎ መቀበል ቀላል አልነበረም። ሆኖም የተገመተውን በሜዳ ላይ ለማየት ዕድል ያገኙ ተመራማሪዎች አሉ። በ2012 በታተመ አንድ ጥናት በጎች ያሉበትን ቦታ የሚመዘግብ ጂፒኤስ በጀርባቸው ላይ ታስሮላቸው ውሻ እንዲነዳቸው ተደረገ። ውሻው በቀረበ ጊዜ እያንዳንዱ በግ ያመራው ወደ መንጋው መካከል ነበር። ከሩቅ ለሚያይ ሰው በጎቹ በአንድነት የተሰበሰቡ ይመስላል፤ በየአንዳንዱ በግ እግር ሲታይ ግን ሁሉም ከዳር ለመሸሽ የሚሮጥ ነው።

በእኛ ዘንድ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል። የመንጋን ጥቅም ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ አባባል አላውቅም፤ ነገር ግን አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። በተረቱ ውስጥ እያንዳንዱ ሰው አንድ አንድ ሎሚ ይይዛል። በመንጋ ውስጥ ግን ሃምሳውንም ሎሚ የሚሸከመው አንዱ ብቻ ነው፤ የተቀሩት አርባ ዘጠኙ ባዶ እጃቸውን ይሄዳሉ። የሚካፈሉት ሸክሙን ሳይሆን ሸክሙ የማን እንደሚሆን ያለማወቅን ነው። አዳኙ በአንድ ጥቃት አንድ ብቻ የሚወስድ ከሆነ፣ ከመቶ እንስሳት መካከል ያለው እያንዳንዱ የመያዝ ዕድሉ ከመቶ አንድ ነው። እርግጥ መቶ የሆነ መንጋ ከአንድ እንስሳ ይልቅ ለዓይን ይጋለጣል፤ ነገር ግን አዳኙ መቶ ጊዜ አይደጋግምበትም፤ ትርፉ የሚገኘውም በዚህ ልዩነት ውስጥ ነው። ፎስተርና ትረሄርን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ1981 ይህን ያሳዩት በባሕር ወለል ላይ በሚንሸራተቱ ትናንሽ ነፍሳት ነው። ነፍሳቱን ከሥር እየመጡ የሚበሉት ዓሦች ለነፍሳቱ አይታዩም፤ ስለዚህ አንዱ ሌላውን ማስጠንቀቅ አይችልም። ዓሦቹ ትንሹንም ትልቁንም ስብስብ የሚያጠቁት በተቀራራቢ መጠን ስለነበር፣ ስብስቡ በተለቀ ቁጥር የእያንዳንዱ ነፍሳት አደጋ በዚያው ልክ ሲቀንስ ታይቷል። ይህን ምሳሌ የምወደው ከብዛት በቀር ሌላ ምንም ነገር ስለሌለበት ነው።

ማየት ለሚችሉት እንስሳት ግን ብዛት ሌላም ነገር ይሰጣል። ጎንበስ ብሎ የሚለቅም ወፍ ሰማዩን አያይም፤ ቀና ያለ ወፍ ደግሞ አይለቅምም። ብቻውን ያለ ወፍ ሁለቱንም በራሱ ጊዜ መክፈል አለበት። ብዙ ሲሆኑ ሁልጊዜ አንዱ ቀና ብሎ ይገኛል፤ እርሱ ደንግጦ ሲነሣ ሌሎቹም ይነሣሉ። ሮበርት ኬንዋርድ በ1978 ባሳተመው ሥራ የሠለጠነ ትልቅ ጭልፊት በዱር ርግቦች ላይ እየለቀቀ ውጤቱን መዝግቧል። ብቻዋን በተገኘች ርግብ ላይ ጭልፊቱ ከመቶ ወደ ሰማንያ በሚጠጋው ሙከራ ተሳክቶለታል፤ ከሃምሳ በሚበልጡ ርግቦች መንጋ ላይ ግን ስኬቱ ከመቶ ከአሥር በታች ወረደ። ዋናው ምክንያትም ትልልቆቹ መንጎች ጭልፊቱን ገና ከሩቅ ማየታቸውና ቀድመው መነሣታቸው ነው። አንድ ርግብ ሌላዋን ለማዳን ብላ አልጮኸችም፤ ያየችው ለራሷ ብላ በረረች፤ በረራዋ ግን ለሌሎቹ ወሬ ሆነላቸው።

አዳኙ ደርሶ መንጋው ውስጥ ከገባም በኋላ ሌላ ችግር ይጠብቀዋል። ለመያዝ አንዱን መርጦ ከእርሱ ላይ ዓይኑን አለማንሣት አለበት፤ በፊቱ ግን ተመሳሳይ ቅርፅና ቀለም ያላቸው ብዙዎች ይተላለፋሉ፤ የመረጠው በሌሎቹ ይጋረዳል፣ ይቀላቀላል፣ ይጠፋል። ላንዶና ተርቦርግ በ1986 ያደረጉትን ሙከራ ደጋግሜ አስቤበታለሁ። ብርማ ቀለም ያላቸውን ትናንሽ ዓሦች ባስ ለሚባል አዳኝ ዓሣ አቀረቡለት። ብቻዋን የነበረች ዓሣ ወዲያው ትያዛለች፤ ስምንት ሆነው ሲዋኙ ግን ባሱ ብዙውን ጊዜ አይሳካለትም። ከዚያ ከስምንቱ መካከል አንድ ሁለቱን ሰማያዊ ቀለም ነከሯቸው። አዳኙ አሁን ዓይኑን የሚያሳርፍበት አገኘ፤ በእነርሱ ብቻም ሳይወሰን፣ ብርማ የቀሩት ዓሦችም ከበፊቱ ይልቅ በቀላሉ ይያዙ ጀመር። ተለይቶ መታየት በመንጋ ውስጥ ለራስም ለጎረቤትም አደጋ ነው። በአንድ መንጋ ያሉ ዓሦች በመጠንና በቀለም የሚመሳሰሉት፣ በፍጥነትም በአቅጣጫም እኩል የሚሆኑት ለምን እንደሆነ ሳስብ፣ ዳር መሆን የቦታ ጉዳይ ብቻ አለመሆኑ ይገባኛል። መካከል ላይ እየዋኘም በቀለሙ ዳር የሆነ ዓሣ አለ።

እንግዲህ ዳር መሆን ይህን ያህል መጥፎ ከሆነ፣ ዳር ላይ የሚገኘው እንስሳ ለምን መንጋውን ትቶ አይሄድም? አንዱ መልስ ግልጽ ነው፤ ከመንጋ ዳር ብቻነት ይብሳል። ሁለተኛው መልስ ግን የበለጠ ይስበኛል፤ ዳር የራሱ ገቢ አለው። ያንስ ክራውዘ የተባለው ተመራማሪ በ1990ዎቹ በዓሦች ላይ ባደረጋቸው ጥናቶች ከመንጋው ፊት የሚገኙት ዓሦች የተራቡት መሆናቸውን አሳይቷል። ፊት ያለው ምግቡን ቀድሞ ያገኛል፤ አዳኙንም ቀድሞ ያገኛል። የጠገበ ዓሣ ለተጨማሪ ጉርሻ ብሎ ያንን ዋጋ አይከፍልም፤ የራበው ግን ይከፍላል፤ ሲጠግብም ወደ ኋላ ይመለሳል። መካከሉና ዳሩ ስለዚህ የማዕረግ ቦታዎች አይደሉም፤ እያንዳንዱ እንስሳ እንደ ዕለቱ ሆድና እንደ ዕለቱ ፍርሃት የሚገባባቸውና የሚወጣባቸው ናቸው።

በአንታርክቲካ ክረምት እንቁላላቸውን በእግራቸው ላይ ይዘው የሚቆሙት ኤምፐረር ፔንግዊኖች ደግሞ አዳኝ በሌለበት፣ ብርድ ብቻ ባለበት ይህንኑ ነገር ያሳዩናል። ተጠጋግተው ሲቆሙ በመካከላቸው ያለው ሙቀት እስከ 37 ዲግሪ ሴልሺየስ ይደርሳል፤ ከእነርሱ ውጪ ያለው አየር ግን ከዜሮ በታች ሃምሳ ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። እንዲህ ተጣብቀው ሲቆሙ አንዱም መንቀሳቀስ የሚችል አይመስልም። በ2011 በወጣ ጥናት በተከታታይ የተነሡ ፎቶግራፎች ሲመረመሩ ግን በየ30 እስከ 60 ሰከንዱ አንድ ፔንግዊን ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ትንሽ እርምጃ ሲራመድ፣ ጎረቤቱም ሲከተለው፣ እርምጃው እንደ ሞገድ በስብስቡ ሁሉ ሲያልፍ ታየ። በእነዚህ ትናንሽ እርምጃዎች ስብስቡ በሰዓታት ውስጥ ቅርፁን ይለውጣል፤ ዳር የነበረው ይገባል፣ መካከል የነበረው ይወጣል። ነፋስ የሚመታው ፔንግዊን ዞሮ ከነፋሱ ተቃራኒ በኩል ለመጠለል ስለሚሞክር፣ አዲስ ዳር የሚሆነው እስካሁን የተጠለለው ነው። ማንም ተራ አልመደበም፤ ተራ ግን ተገኘ።

ተራ ሲነሣ የማልዘነጋቸው ወፎች አሉ። በራሳቸው ላይ ላባ የሌላቸው አይቢሶች በአውሮፓ ከዱር ጠፍተው ስለነበር ሰዎች ጫጩቶቹን አሳድገው፣ ራሳቸው በትናንሽ የበረራ መሣሪያዎች ፊት ፊት እየመሩ የፍልሰት መንገዳቸውን ያስተምሯቸዋል። ይህም በእያንዳንዱ ወፍ ላይ የመመዝገቢያ መሣሪያ ለማሰር ዕድል ሰጠ። የሚበር ወፍ ክንፉ አየሩን ወደ ታች ሲገፋ፣ ከክንፉ ጫፍ ውጪ ያለው አየር ወደ ላይ ይነሣል፤ ሰያፍ ሆኖ ከኋላ የሚከተል ወፍ በዚህ በሚነሣ አየር ላይ ቢያርፍ ድካሙ ይቀንስለታል። በ2014 የታተመው ጥናት 14 ወፎች በትክክል በዚያ ቦታ እንደሚገኙ፣ የክንፋቸውንም ምት ከፊት ካለው ወፍ ጋር እንደሚያስማሙ አሳየ። እዚህ ላይ ከፊት መሆን ማለት ምንም ጥቅም ሳያገኙ አየሩን መቅዘፍ ማለት ነው። በቀጣዩ ዓመት የወጣው ውጤት እንደሚያሳየው እያንዳንዱ ወፍ ሌላውን ተከትሎ የሚያሳልፈው ጊዜና ራሱ መርቶ የሚያሳልፈው ጊዜ ይመጣጠናሉ፤ በተለይ ሁለት ሁለት ሆነው ቦታ ይለዋወጣሉ። ሃሚልተን የሳለው ኩሬ ሁሉንም ነገር እንደማያስረዳ የተረዳሁት እዚህ ላይ ነው። አንዱ ካልመራ ሌላውም አይመራለትም፤ ለብዙ ወጣት ወፎች የመጀመሪያው ፍልሰት የመጨረሻቸው በሚሆንበት ጉዞ ደግሞ የተረፈች ትንሽ ጉልበት ሕይወት ናት። የግል ጥቅም እንዲህ ሲሆን ከመተባበር የሚለይበት መስመር በጣም ይቀጥናል።

ለምን የሚለውን ይዤ ስሄድ እንዴት የሚለው ጥያቄ ሁልጊዜ ይከተለኛል። ክሬግ ሬይኖልድስ የተባለው የኮምፒዩተር ባለሙያ በ1987 ለምስል ሥራ ሲል ወፍ መሰል ነገሮችን በኮምፒዩተር ሲፈጥር ለእያንዳንዳቸው የሰጣቸው ሦስት ትእዛዝ ብቻ ነበር፤ ከጎረቤትህ ጋር አትጋጭ፣ እርሱ ወደሚሄድበት ሂድ፣ ከእርሱም አትራቅ። መሪ ሳይኖር፣ የመንጋውን ቅርፅም የሚያውቅ ሳይኖር መንጋ ተገኘ። ከሃያ ዓመት በኋላ በሮም ከተማ ሰማይ ላይ የሚሰበሰቡ ስታርሊንግ የተባሉ ወፎችን በብዙ ካሜራ የቀረጹ የፊዚክስ ሊቃውንት፣ ከእነርሱም መካከል በ2021 የኖቤል ሽልማት ያገኘው ጆርጆ ፓሪዚ፣ አንድ ወፍ የሚከታተለው በተወሰነ ርቀት ውስጥ ያሉትን ሁሉ ሳይሆን ስድስት ወይም ሰባት የቅርብ ጎረቤቶቹን መሆኑን በ2008 አስታወቁ። ይህ ትንሽ ዝርዝር ይመስላል፤ ግን ትልቅ ነው። ወፉ በሜትር ቢለካ ኖሮ ጭልፊት መንጋውን በበተነ ቁጥር ጎረቤቶቹ ከክልሉ ይወጡና መንጋው ይፈርስ ነበር። በቁጥር ስለሚይዛቸው ግን ቢራራቁም ሰባቱ ሰባት ናቸው፤ መንጋው ይለጠጣል እንጂ አይቆረጥም። ደግሞም ሲሉስን ያስደነቀው የመታጠፍ ፍጥነት ቀደም ብሎ፣ በ1984፣ ዌይን ፖትስ በፊልም ለክቶት ነበር። መታጠፉ ከአንድ ወፍ ወደ ሌላው የሚተላለፈው በ15 ሚሊሰከንድ (አንድ ሚሊሰከንድ የሰከንድ አንድ ሺኛ ነው) ያህል ነው፤ አንድ ወፍ ብቻውን ሲደነግጥ ምላሽ የሚሰጠው ግን በ38 ሚሊሰከንድ ነው። ሞገዱ ከወፉ የሚፈጥነው ወፉ ጎረቤቱን ብቻ ስለማይጠብቅ፣ ከሩቅ የሚመጣውን መታጠፍ አይቶ ሰዓቱን ስለሚያሰላ ነው።

እነዚያው የሮም ተመራማሪዎች ያገኙት ሌላ ነገር በግሌ አሳፍሮኛል። የስታርሊንግ መንጋ ጥቅጥቅ የሚለው መካከሉ ላይ ሳይሆን ዳሩ ላይ ነው። እኔ መካከሉ የጠቆረ የመሰለኝ በመንጋው ጥልቀት ውስጥ አሻግሬ በማየቴ፣ ብዙ ድርብርብ ወፎች በዓይኔ ላይ አንድ ጥላ ስለሆኑብኝ ነው። በሦስት አቅጣጫ ሲለካ ግን ወፎቹ ይበልጥ ተጠጋግተው የሚገኙት አደጋው በሚመጣበት ጠርዝ ላይ ሆነ።

ከዳር መሸሽ ምን ያህል ጨካኝ ሊሆን እንደሚችል የሚያሳየው የአንበጣ ታሪክ ነው። ብቻውን የሚኖረውና በመንጋ የሚጓዘው አንበጣ ሁለት የተለያዩ ዝርያዎች ሳይሆኑ የአንድ ዝርያ ሁለት መልኮች መሆናቸውን ቦሪስ ኡቫሮቭ ያስረዳው በ1921 ነው። የበረሃ አንበጣ ሲጨናነቅ፣ የኋላ እግሮቹም በሌሎች ሲነካኩ፣ በሰዓታት ውስጥ ጠባዩ ይለወጣል፤ በ2009 እንደታወቀው በዚህ ለውጥ ውስጥ ሴሮቶኒን የተባለው ንጥረ ነገር በነርቮቹ ውስጥ መጨመሩ ዋና ድርሻ አለው። ክንፍ ያላወጡት ኩብኩባዎች በክብ መድረክ ላይ በላብራቶሪ ሲሞከሩ፣ ጥቂት ሲሆኑ ወዲያና ወዲህ ይላሉ፤ ቁጥራቸው ከአንድ ወሰን ሲያልፍ ግን ሁሉም በአንድ አቅጣጫ መጓዝ ይጀምራሉ። ይህ በ2006 ታየ። ለምን እንደሚጓዙ የተገለጠው ሁለት ዓመት ቆይቶ ነው። ከኋላ የሚመጣ ኩብኩባ ከፊቱ ያለውን ሊነክሰው፣ ሊበላውም ይችላል። ከኋላ የሚመጣውን እንዳይሰማ ነርቩ የተቆረጠ ኩብኩባ ጉዞውን ይቀንሳል፤ በሌሎችም ይበልጥ ይበላል። እንግዲህ ያ ሰልፍ ከፊት ካለው ፕሮቲን ለማግኘት በሚራመዱና ከኋላ ላለው አፍ ፕሮቲን ላለመሆን በሚሸሹ የተሠራ ነው። እዚህ መካከል የሚባል ማረፊያ የለም፤ እያንዳንዱ ኩብኩባ ለኋለኛው ዳር ነው።

እዚህ ላይ ብቆም ግን መንጋን በግማሹ ብቻ ያየሁት ይሆናል። አብሮ መጓዝ አንዴ ከተጀመረ ለማንም ብቻውን የማይገኝ ነገር ይሰጣል። ጥላ የሚወዱ ትናንሽ ዓሦች ላይ የተደረገውንና በ2013 የታተመውን ጥናት እዚህ ላነሣ ግድ ይለኛል። ጨለማና ብርሃን ቀስ እያሉ በሚለዋወጡበት ገንዳ ውስጥ አንድ ዓሣ ብቻዋን ጥላው በየት በኩል እንደሆነ ለማወቅ አትችልም ማለት ይቻላል፤ የምታደርገው ብርሃን ሲበዛ መፍጠን፣ ጥላ ሲሆን መዘግየት ብቻ ነው። ብዙ ሆነው ሲዋኙ ግን በብርሃን በኩል ያሉት ይፈጥናሉ፣ በጥላ በኩል ያሉት ይዘገያሉ፤ ተያይዘው ስለሚሄዱም መንጋው በአንድ ጎኑ መንኮራኩሩ እንደተያዘ ጋሪ ወደ ጥላው ይዞራል። ጥላው የት እንደሆነ የሚያውቅ ዓሣ የለም፤ መንጋው ግን ያውቀዋል። በኬንያ ምፓላ በሚገኘው የምርምር ማዕከል በየሰከንዱ በጂፒኤስ የተከታተሏቸው ዝንጀሮዎችም፣ በ2015 እንደተገለጸው፣ ወዴት እንሂድ የሚለውን የሚወስኑት አለቃውን በመከተል አይደለም። ሁለት ቡድኖች በተቀራረበ አቅጣጫ ቢስቧቸው መካከለኛውን ይይዛሉ፤ በሰፊው ቢለያዩባቸው አንዱን ይመርጣሉ፣ ብዙዎች ወደሄዱበትም ያጋድላሉ። አብሮ መሆን ከመድረስ የሚቀድምበት ውሳኔ ነው።

ይህ ሁሉ በዝግመተ ለውጥ የመጣ እንጂ የአጋጣሚ ልማድ እንዳልሆነ በምን እናውቃለን? ለእኔ አጥጋቢው ማስረጃ መንጋነት በጠላት ልክ መጨመሩና መቀነሱ ነው። በትሪኒዳድ ወንዞች የሚኖሩት ጋፒ የተባሉ ትናንሽ ዓሦች፣ ትልልቅ አዳኞች ባሉበት ከፏፏቴ በታች ተጠጋግተው ይዋኛሉ፤ አዳኞቹ መውጣት ባልቻሉበት ከፏፏቴው በላይ ደግሞ ተለያይተው ይኖራሉ። ቤኖኒ ሲገርስ በ1974 እንዳሳየው ልዩነቱ አዳኝ አይተው በማያውቁ፣ በላብራቶሪ በተወለዱ ልጆቻቸውም ላይ ይታያል። በሜክሲኮ ዋሻዎች ውስጥ ያሉት ዕውር ዓሦች ከዚህም ይርቃሉ። በወንዝ ያሉት ዘመዶቻቸው በመንጋ ይዋኛሉ፤ እነርሱ ግን ምግብ በጠበበበትና አዳኝ በሌለበት ጨለማ ከተቀመጡ ወዲህ መንጋነትን ትተዋል። ዓይናቸውን ማጣታቸው አንዱ ምክንያት ነው፤ ብቻው ግን አይደለም፤ በ2013 የወጣ የዘረ መል ጥናት ከማየት ጋር ያልተያያዘ ለውጥም እንዳለ አሳይቷል። በ2012 ደግሞ አንድ ቡድን በገንዳ ግድግዳ ላይ በብርሃን የተሠሩ ተንቀሳቃሽ ነጥቦችን ለእውነተኛ አዳኝ ዓሣ አቅርቦለት ነበር። ዓሣው የሚያጠቃው ብቻቸውን የሚንከራተቱትን ነጥቦች ሆነ፤ እርስ በርስ ተጠጋግተው አንድ ላይ የሚጓዙት ከሁሉ ያነሰ ጥቃት ደረሰባቸው። የተፈጥሮ ምርጫ ሥራውን ሲሠራ ከዚህ በላይ በቅርብ የታየበትን ጊዜ አላውቅም።

አንድ ነገር ግን ያስጨንቀኛል፤ ሳልናገረው ማለፍም አልፈልግም። ከላይ የተነገረው ስሌት ሁሉ የቆመው አዳኙ በአንድ ጊዜ አንድ ብቻ ይወስዳል በሚለው ላይ ነው። በሰሜን አሜሪካ ተጓዥ ርግብ የተባለችው ወፍ በቢሊዮን የምትቆጠር ነበረች፤ መንጋዋ ሲያልፍ ሰማዩን ለሰዓታት ይሸፍን ነበር። ጭልፊትም ቀበሮም የፈለገውን ያህል ቢበላ ያን ብዛት አይጨርሰውም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ግን ቴሌግራፍ መንጋው የሰፈረበትን የሚያወራ፣ ባቡር አዳኞችን የሚያመላልስ፣ መረብና ጠመንጃም በአንድ ቀን ሺዎችን የሚያወርድ ሆነ። መጠጊያ የነበረው ብዛት መገኛ ሆነ። ርግቦቹ ሲፈሩ የሚያደርጉት ደግሞ ያንኑ የለመዱትን ነበር፤ ይበልጥ መጠጋጋት። የመጨረሻዋ ርግብ በሲንሲናቲ የእንስሳት ማቆያ በሴፕቴምበር 1 ቀን 1914 ሞተች። ዛሬም በባሕር ላይ የዓሣ መንጋን በድምፅ ሞገድ ፈልጎ ዙሪያውን በመረብ የሚከብብ መርከብ የሚጠቀመው ይህንኑ ነው፤ ዓሦቹ መረቡን ሲሸሹ ወደ መካከል ይሰበሰባሉ፤ መካከሉም በሙሉ መረቡ ውስጥ ነው።

ትናንት ምሽት እንደገና መስኮቱ ላይ ቆሜ ነበር። ዳር ላይ ያለችን አንዲት ወፍ መርጬ፣ ምንም ቢመጣ ዓይኔን ከእርሷ ላይ ላላነሣ ወሰንኩ። መንጋው ወደ ግራ ሲያዘነብል ተከተልኳት፤ ወደ ላይ ሲነሣም ይዣት ነበር። ከዚያ ሁሉም በአንድነት ታጠፉ፤ ከበስተኋላዋ የነበሩት በፊቷ አለፉ፤ የትኛዋ እንደነበረች ጠፋችብኝ። ደግሜ ሞከርኩ፤ ከሦስት አራት ሰከንድ በላይ የያዝኳት አንዲትም የለችም። ሲመሽ ዳሩ እንዳለ ነበር፤ ዳር ላይ ያሉት ግን ሌሎች ነበሩ።